መጣሁ ብላኛለች

ሰው ሁሉ ሲሄድ «መጣሁ» ይላል። ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጀርባውን ሰጥቶ፣ በሩን ከኋላው እየዘጋ፣ እግሩ ገና ወደ ውጭ እየተራመደ «መጣሁ!» ይላል፤ ደርሶ እንደተመለሰ፣ ነገሩ እንዳለቀለት። ማንም ደግሞ ውሸታም አይለውም። የአንዲት ልጅ ታናሽ ወንድም ግን ይል ነበር።

«እየሄድሽ እኮ ነው! እንዴት መጣሁ ትያለሽ?» ይላል፤ ያኔ አራት ዓመቱ ነው። እናታቸው በጠዋት «መጣሁ» ብላ ሥራ ስትሄድ እሱ ቀኑን ሙሉ በሩ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። መጣሁ ብላለቻ! ልጅቷ በሦስት ዓመት ነው የምትበልጠው። አንድ ቀን አንጀቷ አልችል ቢላት ጎኑ ተቀመጠችና ቃል ገባችለት። «ስማ፣ ሌላ ሰው መጣሁ ቢልህ ተወው። እኔ መጣሁ ካልኩህ ግን የምሬን ነው። ካለህበት ንቅንቅ እንዳትል፣ እመጣለሁ።» ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ለእሱ እንደ ዋዛ ተናግራው አታውቅም። ሽንት ቤት እንኳ ስትሄድ «ልሂድ» ነበር የምትለው።

ልጁ ከእግሯ ሥር ስለማይጠፋ እናቱ የምትሠራበት ካውያ ቤት ያሉ ሴቶች «ጭራ» አሉት። «ዛሬ ጭራሽ የታል?» ይሏታል፤ ራሳቸው ተናግረው ራሳቸው ይንከተከታሉ። እሱም ደስ ይለዋል። ዛሬ ግን ያቺ ቃል ለልጅቷ መርዝ ናት። ሰው ደግሞ አያዝን፤ «ጭራሽ አላየሁትም»፣ «ጭራሽ ረስቼው!» እያለ በየወሬው ይሸጉጣታል። ወንድሟ በቀን አስር ጊዜ ይሞትባታል።

ሞቷላ። በሰባት ዓመቱ ነው የሞተው፤ ውሃ ወስዶት።

እናታቸው በአንድ ባለ ሰባት ፎቅ ሆቴል ልብስ ተኳሽ ናት። ካውያ ቤቱ ያን ጊዜ ምድር ቤት ነበር። ደረጃውን ሲወርዱ ግድግዳው ላይ ሠራተኛው ሲገባና ሲወጣ ካርዱን የሚያስመታባት ሰዓት አለች። ከእሷ ቀጥሎ ካውያ ቤቱ፣ ከዚያ ረጅም ኮሪደር፤ ኮሪደሩ መሃል ላይ የብረት ፍርግርግ በር፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ የአንሶላ ክፍሉ። ከየፎቁ የሚወጣው ቆሻሻ አንሶላ በቆርቆሮ ቱቦ ቁልቁል እየተጣለ እዚያ ክፍል ውስጥ ይከመራል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እናታቸውን የሚጠብቁት እዚያው ሆቴል ነው። ከአንደኛ ፎቅ በቱቦው ሾልኮ አንሶላ ክምር ላይ ዱብ ማለት! አለቃ ካልደረሰባቸው በቀን አምስት ጊዜ ይሾልኩ ነበር።

ያን ቀን እናትየው መጋረጃ ይዛ አራተኛ ፎቅ ወጥታለች። ልጅቷ ግቢ ውስጥ ገመድ የሚዘሉ ጓደኞች አገኘች። ጭራ እንደ ልማዱ ተከተላት።

«ኧረ ተወኝ! ዛሬስ አትከተለኝ! ወደ ላይ ውጣ፣ እማዬ ጋ ሂድ!» አለችው።

ይቺን ብቻ ነው ያለችው። ልጁ አኮረፈ። ወደ ላይ በመውጣት ፈንታ፣ ፍርግርጉ ገና ሳይቆለፍ ቁልቁል ወርዶ አንሶላ ክፍል ገባና ተሸሸገ። እዚህ ፀሐይ ነበር። ላይ አገር ግን ዝናቡን ሲያወርደው ውሎ ኖሮ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ከሕንፃው ጀርባ ያለው ቦይ ሞልቶ ግንቡን ጣሰና ምድር ቤት ገባ።

ተኳሾቹ በዚያ ሰዓት ግቢ ወጥተው እግራቸውን ነው የሚያሳርፉት። ምድር ቤት የቀረችው ቆጣሪዋ ብቻ ናት። የአንሶላ ቆጣሪ ናት፤ ስትቆጥር ፍርግርጉን ቆልፋ ነው። ንጉሥ ቢመጣ አትከፍትም፤ ቁጥሯ ይጠፋባታላ! ቁጥሯ ከጠፋባት ደግሞ ከአንድ ነው የምትጀምረው። ከአደጋው በኋላ የመሰከረችውም እሷ ናት።

«አፈር ልብላ፣ ጠርቼዋለሁ!» አለች። «ፍርግርጉን ከፍቼ፣ ና ውጣ አንተ ልጅ! ብዬ ጮኽኩ። በበሩ ብቅ አለና 'እህቴ መጣሁ ብላኛለች' ብሎኝ መልሶ ዘጋው። ይከተለኛል ብዬ ሮጥኩ። አንዲት የማላውቃት ባለጌ ልጅ መጥታ ቁጥሬን ባታጠፋብኝማ፣ ቀደም ብዬ ጨርሼ ስወጣ ይዤው እወጣ ነበር።»

ባለጌዋን ልጅ ማንም አላያትም። ሴትየዋ ራሷን ልታጸዳ ነው ተባለ፣ ታለፈ። «እህቴ መጣሁ ብላኛለች» የምትለው ግን አልታለፈችም።

«አላልኩትም!» አለች ልጅቷ። አለቀሰች፣ መሬት ላይ ተንከባለለች፣ ማለች። «እማዬ ትሙት አላልኩትም!»

እናትየው ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ታዲያ ልጄ ሊሞት ሲል ነው የሚዋሸው?» አለች።

ምን ታድርግ? ከሁለቱ ልጆቿ አንዱ ዋሽቷል። የሞተውን ውሸታም ማለት ለእናት እንዴት ይሆንላታል? አልመታቻትም፣ አልረገመቻትም። ታበላታለች፣ ታለብሳታለች። ግን ድሮ «እናቴ፣ ነይ ፀጉርሽን ላበጥርልሽ»፣ «እናቴ፣ ውሃ አቀብዪኝ» የምትላትን ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንቺ» አለቻት። ሦስት ዓመት ሙሉ «አንቺ»። ልጅቷም ቆጣሪዋን ጥምድ አድርጋ ያዘች። ይቺ ውሸታም ወንድሜን ጥላ ሮጠች፣ በሬሳው አፍ ውሸት ከተተች፣ እናቴን ቀማችኝ ትላለች በልቧ። ሰላምታ ነሳቻት። ቆጣሪዋ ደግሞ ልጅቷን ባየች ቁጥር አንገቷን ትደፋለች፤ ያም ይብስ ያናድዳት ነበር።

ካውያ ቤቱ ወደ አንደኛ ፎቅ ወጣ። ምድር ቤቱ ደርቆ፣ ጭቃው ተዝቆ ባዶውን ቀረ። የካርድ ሰዓቷም ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ካለፈ አንድ ደቂቃ ላይ ቆማ እዚያው ግድግዳ ላይ ቀረች። የሚነቅላት ጠፋ።

ልጅቷ አስራ ሦስት ዓመት ሞላት። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቷ አሮጌ ካርድ የታጨቀበት ካርቶን አስይዛ፣ «አንቺ፣ ይሄን ምድር ቤት ጣይው» ብላ ላከቻት። ወረደች። እጇ አላርፍ አለና አንድ ካርድ መዝዛ ሰዓቷ ውስጥ ከተተች፤ እጀታውን ተጫነች። ቀጭ!

መብራት በራ። የእንፋሎት ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። ተኳሾቹ ካርዳቸውን ሊያስመቱ እየተጋፉ ሲመጡ ከበሩ ኋላ ተለጠፈች። መሃላቸው እናቷ አለች፤ ወጣት ናት፣ አንዷ የነገረቻትን ሰምታ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ልጅቷ ያን ሳቅ ረስታው ነበር። ወዲያው አንዷ ተኳሽ «ይሄ ደግሞ የማን ካርድ ነው?» ብላ ከሰዓቷ ስትነቅለው ልጅቷ ደረቁ ጨለማ ውስጥ ብቻዋን ቆማ ራሷን አገኘች። ካርዱን አየችው። መጨረሻ ላይ የተመታው የዛሬ ስምንት ዓመት፣ አስራ አንድ ተኩል ላይ ነው።

ጉድ በል! ሌላ ሞከረች፣ ሌላም። ነገሩ ገባት። ሰዓቷ የምትወስዳት ካርዱ ላይ መጨረሻ ወደተመታው ሰዓት ነው፤ ካርዱ እዚያው እስካለና ሰዓቷ እስከሠራች ድረስ ትቆያለች። ግን ሁሉም ካርድ የመውጫ ሰዓት ነው። ሠራተኛው እየተጋፋ መጥቶ ያንዱን ነቅሎ የራሱን ይከታል፣ እሷም አብራ ትነቀላለች። ካርቶኑን ገለበጠችው። የዚያን ቀን ካርዶች ውሃው ወስዷቸዋል፤ አንድ ብቻ ሲቀር። የካውያ ቤቱ ኃላፊ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ፣ ካርዱን እንደያዘ ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር። ካርዱ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ከአስር ይላል።

ዘጠኝ ከአስር። ሰዓቷ የቆመችው ተኩል ካለፈ አንድ ደቂቃ ላይ ነው። ሃያ አንድ ደቂቃ አላት። ልጅን እጁን ይዞ ኮሪደር ለማሻገርና ደረጃ ለማውጣት ሁለት ደቂቃ በቂ ነው። ካርዱን ከተተች።

ቀጭ!

ኃላፊው ሆዱን ይዞ ደረጃውን ሲወጣ ጀርባውን አየችው። ካውያ ቤቱ ጭር ብሏል። በኮሪደሩ በረረች፤ ፍርግርጉ ላይ ተላተመች። ተቆልፏል። ከወዲያኛው በኩል ቆጣሪዋ የታጠፈ አንሶላ ክምር ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትቆጥራለች።

«መቶ ስልሳ ስምንት፣ መቶ ስልሳ ዘጠኝ...»

«ይክፈቱልኝ! ውሃ ሊመጣ ነው! ቶሎ ይክፈቱ!»

ቆጣሪዋ ዓይኗን ሳታነሳ በእጇ ዞር በይ አለቻት። «መቶ ሰባ...»

«ኧረ በእግዜር! ውሃ ይሞላል! ልጅ አለ እዚያ ውስጥ!» ብላ ብረቱን በሁለት እጇ ነቀነቀችው። ኮሪደሩ አስተጋባ።

ቆጣሪዋ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ቁጥሯ ጠፋ። «አንቺ ባለጌ! የማን ስድ ነሽ? በዚህ ፀሐይ የምን ውሃ ነው? አጠፋሽብኝ! ሁለት መቶ አንሶላ ነው፤ ስጨርስ እከፍታለሁ፣ እስከዚያ አፍሽን ዝጊ!» አለችና ክምሩን መልሳ ጎትታ፣ «አንድ፣ ሁለት...» ብላ ጀመረች።

ልጅቷ አሁን ገባት። ባለጌዋ ልጅ እሷው ናት። ቆጣሪዋ ያኔም አልዋሸችም።

ግን ገና አስራ ስድስት ደቂቃ አለ። «ጭራ! ጭራዬ!» ብላ ጮኸች። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ በሩ ገርበብ አለና ፊቱ ብቅ አለ። ያው ፊቱ ነው። የጎደለው የፊት ጥርሱ፣ ያኮረፈበት ከንፈሩ፣ ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ። ብረቱን ይዛ ቆመች።

«ማነሽ አንቺ?» አለ።

«እህትህ ነኝ! ና! ና ወደኔ!»

ከላይ እስከ ታች አያት። ረዝማለች፣ ፀጉሯን ተቆርጣለች። «ውሸታም! እህቴ ግቢ ውስጥ ገመድ እየዘለለች ነው። አንቺ ትልቅ ነሽ» አለና በሩን ድርግም አደረገው። የማታውቀው ሰው ቢጠራህ እንዳትሄድ ብላ ያስተማረችው ራሷ ናት።

ቱቦው ትዝ አላት። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወጣች። አንደኛ ፎቅ መስኮት ጋ ስትደርስ የገመድ ድምፅ ሰማች፤ ከሥሩ ደግሞ አንዲት ልጅ ዝላይዋን ትቆጥራለች፣ «ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት!» ድምፁ የራሷ ነው። ወርዳ ያቺን ልጅ በፀጉሯ ልትጎትታት፣ በጥፊ ልትላት፣ እግሯ ሥር ወድቃ ልትለምናት ፈለገች። አልቆመችም። የቱቦውን ክዳን ከፍታ ጭንቅላቷን ከተተች። ከታች ልጁ ብቻውን ያለቅሳል፤ ሰው እንዳይሰማው አፉን አፍኖ።

«ጭራ!» አለች።

ለቅሶው ቆመ። ቆርቆሮው ውስጥ ድምፅ እንጂ ቁመት አይታይ። «እህቴ? አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ!» አለች። «አታልቅስ የኔ ጌታ፣ እዛው ጠብቀኝ! መጣሁ!»

ቃሏን የሰማቻት ከአፏ ከወጣች በኋላ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አላልኩትም ብላ የማለችባትን ቃል፣ ሰው ሁሉ እንደሚላት፣ ሳታስበው አለቻት። አፏን በእጇ ያዘችው። ከታች ልጁ ወዲያው ደስ ብሎት «እሺ! ንቅንቅ አልልም!» አለ።

ቃሏን ላለመብላት አንድ መንገድ ብቻ ቀራት፤ መድረስ። እግሯን ቱቦው ውስጥ ከተተች፣ ራሷን ለቀቀች። በአስር ዓመቷ እንደ ሳሙና የሾለከችበት ቱቦ ወገቧ ላይ ያዛት። ገፋች። ቆርቆሮው ሥጋዋን ቦጨቀው እንጂ አላሳለፋትም። ትንፋሿን ውጣ ደግማ ገፋች። ትልቅ ሆናለች፤ ያው ነው። ስትታገል ደቂቃው ሄደ። በመጨረሻ ክንዷን ተደግፋ ራሷን ነቅላ ስትወጣ፣ ከታች ግንብ የሚናድ ድምፅ ሰማች፤ ተከትሎም ውሃው።

የፍርግርጉ ቁልፍ ተንቋቋ። «ና ውጣ አንተ ልጅ!» አለች ቆጣሪዋ።

«እህቴ መጣሁ ብላኛለች!» አለ ጭራ።

«አልመጣም!» ብላ ቱቦው ውስጥ ጮኸች ልጅቷ። «አልመጣም! ከእሳቸው ጋ ውጣ! ዋሽቼ ነው፣ አልመጣም!»

ልጁ ሳቀ። የድሮ ጨዋታቸው መሰለው፤ ትደበቅና ታስጠብቀው፣ ከዚያ ዱብ ትልበት ነበር። «ብለሻል! መጣሁ ብለሻል!» አለ እየሳቀ። በሩ ሲዘጋ ሰማች።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ቆጣሪዋ እስከ ወገቧ ርሳ፣ ዓይኗ ፈጦ፣ እየጮኸች ገፍታት አለፈች። ልጅቷ ጨለማው ውስጥ ገባች። ውሃው ደረቷ ጋ ነው፤ ቅርጫትና አንሶላ እየተጠቀለለባት በግድግዳው ታክካ አንድ እርምጃ፣ ሌላ አንድ እርምጃ ተራመደች። «መጣሁ! መጣሁ!» ትላለች አሁን፤ ሌላ የምትለው የላትም። ከኋላዋ ውሃው ግድግዳው ላይ ወዳለችው ሰዓት ደረሰ። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅዋ ቆመ።

ደረቅ ነው። ጨለማ ነው። ከላይ የሰው ኮቴ ይሰማል። ልብሷ ጠብታ አልነካውም፤ ወገቧ ግን ተቦጭቆ ይደማል። ካርዱን ከሰዓቷ ነቅላ አየችው። ቀለሙ ሟሙቶ፣ ወረቀቱ እጇ ላይ እንደ ሊጥ ተበተነ። ሁለተኛ ዕድል የለም። ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። የደረሰባት ሐዘን አልነበረም፤ ሐዘኑንማ ለምዳዋለች። ጥፋቱ ነው የደረሰባት።

ከዚያ ተነሳች፣ ፊቷን በቀሚሷ ጠረገች፣ ወደ ካውያ ቤት ወጣች።

ቆጣሪዋ ጥግ ላይ በርጩማዋ ላይ ናት። «ዘጠና አራት፣ ዘጠና አምስት...» ልጅቷ ፊቷ ሄዳ ቆመች።

«እትዬ፣ እርስዎ አልዋሹም» አለች።

ቆጣሪዋ ቀና ብላ አየቻት። ረጅሙን ቁመት፣ የተቆረጠውን ፀጉር አየች። ብዙ አየቻት። ከዚያ ቁጥሯ ጠፋባት፤ ግን አልተቆጣችም፣ እንደገናም አልጀመረችም። እጇ አንሶላው ላይ እንደሆነ ቀረ።

እናትየው ከጠረጴዛው ጋ ሆና ትተኩሳለች። ልጅቷ ጎኗ ሄዳ ቆመች።

«እማዬ።»

«ካርቶኑን ጣልሽው?»

«ብዬዋለሁ።»

«ምኑን?»

«መጣሁ ብዬዋለሁ። እዛው ጠብቀኝ ብዬዋለሁ። ቃሌን ሰምቶ ነው የቀረው። እሱ አልዋሸም።»

ካውያው አንሶላው ላይ ቆመ። አስራ ስድስት ዓመት ስትተኩስ አንድ መሃረብ አቃጥላ የማታውቅ ሴት፣ ከእጇ ሥር ጭስ ሲወጣ አላየችም። ልጅቷ ካውያውን አንስታ አቆመችው። አንሶላው መሃል ቡናማ ምልክት ቀርቷል።

እናትየው ምልክቱን እያየች፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ፈርቶ ነበር?» አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ይቺን ነበር መጠየቅ የፈለገችው፤ የምትጠይቀው ሰው ነው ያጣችው።

«አልፈራም። እየሳቀ ነበር። እንደምመጣ እርግጠኛ ነበር።»

እናትየው ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ብዙ ጊዜ። ሰው ፊት አታለቅስም፤ ልጇ በተቀበረ ቀንም አላለቀሰችም። ሽርጧን ፈታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችና ወደ በሩ ሄደች። እጀታውን ይዛ፣ ፊቷን ሳታዞር ቆመች።

«እዚሁ ጠብቂኝ፣ እናቴ» አለች። «መጣሁ።»

በሩ ተዘጋ። ተኳሾቹ ሥራቸውን ጨርሰው አንድ ባንድ ወጡ፣ ቆጣሪዋም ወጣች፣ ካውያዎቹ ሁሉ ቀዘቀዙ። ልጅቷ የተቃጠለውን አንሶላ ይዛ፣ በሩን በሩን እያየች ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።